ዘር፣ ቤትና የሳንባ ምች

(መለያ ሙዚቃ)

 

የዛሬው ርእሳችን በየቤቱ የሚነሣ ጥያቄ ነው። በአንድ ቤት ያደጉ፣ ከአንድ መሶብ የሚበሉ ሁለት ልጆች ጉንፋን ይይዛቸዋል። አንደኛው በሦስተኛው ቀን ተነሥቶ ከብት ይከተላል። ሁለተኛው ግን ትንፋሹ ይፈጥናል፣ ደረቱ ወደ ውስጥ ይሰረጉዳል፣ የሳንባ ምች ይሆንበታል። ጎረቤት ተሰብስቦ ያወራል። አንዱ "ብርድ መቶት ነው" ይላል፤ ሌላዋ "ዓይን ነው" ትላለች፤ ሦስተኛው ራሱን እየነቀነቀ "ምን ታደርጊዋለሽ፣ በዘራቸው አለ" ይላል። ይህ የመጨረሻው አነጋገር ዛሬ በደንብ እንድንፈትሸው እንፈልጋለን። በሽታ በዘር ይመጣል? የሚመጣ ከሆነስ የሰው እጅ ምን ያህል ሊመልሰው ይችላል?

መልሱን ከማሳ እንጀምር። ጎብዬ በራያ ቆላ የምትገኝ ከተማችሁ ስም ብቻ አይደለም፤ የአንድ የማሽላ ዝርያ ስምም ነው። በዚህ ቆላ አቀንጭራ የተባለውን የማሽላ አረም የማያውቅ ገበሬ የለም። አበባው ያምራል፣ ሥራው ግን ክፉ ነው፤ ከማሽላው ሥር ተጣብቆ ውኃውንና ምግቡን ይመጠምጠዋል። የአቀንጭራ ዘር እንደ ብናኝ ያነሰ ሲሆን አፈር ውስጥ ለዓመታት ተኝቶ ይቆያል። የሚነቃው የማሽላው ሥር ወደ አፈር የሚለቀውን ኬሚካል ሲያገኝ ነው። በምዕራብ ሸዋ ተወልደው በአሜሪካ ፑርዱ ዩኒቨርሲቲ የሚያስተምሩት ፕሮፌሰር ገቢሳ ኤጄታና ባልደረቦቻቸው ይህን ቀስቃሽ ኬሚካል እጅግ ጥቂት ብቻ የሚለቁ ማሽላዎችን ፈልገው አገኙ፤ ከሌሎች ጋር እያዳቀሉም አዳዲስ ዝርያዎችን አወጡ። እ.ኤ.አ. በ2000 ገደማ ለኢትዮጵያ ገበሬ ከቀረቡት መካከል አንዱ "ጎብዬ"፣ ሌላው "አብሽር" ተባሉ። ፕሮፌሰር ገቢሳ እ.ኤ.አ. በ2009 የዓለም የምግብ ሽልማትን ተቀብለዋል። እ.ኤ.አ. በ2017 ደግሞ ተመራማሪዎች ምስጢሩ በአንድ ዘረ መል ላይ ያለ ለውጥ መሆኑን አረጋገጡ። ያ ዘረ መል ሲጎድል ማሽላው የሚለቀው የኬሚካል ዓይነት ይቀየራል፤ አቀንጭራውም ሳይነቃ ይቀራል።

ከዚህ ማሽላ ሦስት ነገር ያዙልን፤ የዛሬው ንግግራችን በሙሉ በእነዚህ ላይ ይቆማል። አንደኛ፣ በዘር ላይ ያለች ትንሽ ልዩነት በሽታን የመቋቋም አቅምን ልትለውጥ ትችላለች። ሁለተኛ፣ ይህ አቅም ለሁሉም ጠላት አይሠራም፤ አቀንጭራን የቻለ ማሽላ ለወፍ፣ ለድርቅ ወይም ለአገዳ ቆርቋሪ እንደማንኛውም ማሽላ ሊጋለጥ ይችላል። ሦስተኛ፣ ዘሩ ብቻውን ምርት አይሰጥም። ጎብዬ ለገበሬው ሲቀርብ ማዳበሪያና ውኃ የሚያቁር ትልም አብረው እንዲሄዱ የተመከረው ለዚህ ነው። የሰውም ነገር ከዚህ ብዙ አይርቅም።

(አጭር ሙዚቃ)

ወደ ሰው እንምጣ። ከሞላ ጎደል በእያንዳንዱ የሰውነታችን ሴል ውስጥ ዲ ኤን ኤ የሚባል የውርስ መመሪያ አለ። ወደ 3 ቢሊዮን በሚጠጉ የኬሚካል ፊደላት የተጻፈ ሲሆን አንዱን ቅጂ ከእናታችን፣ ሌላውን ከአባታችን እንወርሳለን። ዘረ መል የምንለው ከዚህ መመሪያ ውስጥ አንድን ፕሮቲን ወይም አንድን ሥራ የሚያዘውን ክፍል ነው። ማንኛውም ሁለት ሰዎች ቢነጻጸሩ ከ1,000 ፊደላት በ999ኙ ያህል አንድ ናቸው፤ የሚለያዩት በቀሪዋ ነው። ይህች ቀሪ በሙሉው መመሪያ ላይ ስትደመር በሚሊዮን የምትቆጠር ልዩነት ትሆናለች። ከልዩነቶቹ አብዛኞቹ ምንም አያመጡም። አንዳንዶቹ የቆዳ ቀለምን ወይም ቁመትን ይነካሉ። ጥቂቶቹ ደግሞ ሰውነታችን ተሕዋስያንን የሚለይበትንና የሚዋጋበትን መንገድ ይቀይራሉ።

"ዘር ከልጓም ይስባል" ይላሉ አባቶች። ለመሆኑ በኢንፌክሽን ሞት ላይ ዘር ምን ያህል ይስባል? ይህን ለመለየት ይከብዳል። ምክንያቱም ልጅ ከወላጁ ደሙን ብቻ አይወርስም፤ ቤቱን፣ ጭሱን፣ ድህነቱንና ሳሉን ጭምር ይካፈላል። የዴንማርክ ተመራማሪዎች ሁለቱን የሚለይ ብልሃት አገኙ፤ በማደጎ ያደጉ ልጆችን ተከታተሉ። እ.ኤ.አ. በ1924 እና በ1926 መካከል የተወለዱና ለባዕድ ቤተሰብ የተሰጡ ልጆችን መዝገብ መርምረው ውጤቱን በ1988 አሳተሙ። የወለደው ወላጅ ከ50 ዓመቱ በፊት በኢንፌክሽን ከሞተ፣ ባያሳድገውም እንኳ፣ ልጁ ጎልማሳ ሆኖ በኢንፌክሽን የመሞት ዕድሉ ከሌሎቹ ወደ 6 እጥፍ የተጠጋ ሆኖ ተገኘ። ያሳደገው ወላጅ በኢንፌክሽን መሞቱ ግን ይህን ያህል ለውጥ አላሳየም። ስለዚህ ያ ጎረቤት "በዘራቸው አለ" ሲል ጨርሶ ተሳስቷል ማለት አንችልም። የተሳሳተው ከዚያ በኋላ "ምን ታደርጊዋለሽ" ሲል ነው።

(አጭር ሙዚቃ)

አድማጮቻችን፣ ይህን ጉዳይ ከሁሉ በላይ ግልጽ አድርጎ የሚያሳየን እናንተ አሳምራችሁ የምታውቁት በሽታ ነው፤ ወባ። የራያ ቆላ ከወባ ጋር ያለው ትግል ረጅም ታሪክ አለው። እ.ኤ.አ. በ1950ዎቹ በኢትዮጵያ የወባ መከላከል ሥራ በሙከራ ሲጀመር ከተመረጡት ጥቂት ቦታዎች አንዱ የቆቦ ጨርጨር ሜዳ ነበር። ዲ ዲ ቲ በየቤቱ ግድግዳ ላይ ይረጭ የነበረበትን ዘመን ዛሬም የሚያስታውሱ አረጋውያን ይኖራሉ።

በአገራችን በብዛት የሚገኙት የወባ ተሕዋስያን ሁለት ናቸው፤ ፋልሲፓረምና ቫይቫክስ። ቫይቫክስ ወደ ቀይ የደም ሴል ለመግባት በሴሉ ላይ ያለን "ዳፊ" የሚባል ፕሮቲን ይይዛል። በምዕራብና በመካከለኛው አፍሪካ አብዛኛው ሕዝብ ይህ ፕሮቲን በቀይ የደም ሴሉ ላይ የለም። ምክንያቱ የአንዲት ፊደል ለውጥ ናት፤ ቦታዋም እ.ኤ.አ. በ1995 ታወቀ። ዳፊ የሌላቸው ሰዎች ቫይቫክስን እንደሚቋቋሙ የእነ ሉዊስ ሚለር ጥናት ያሳየው ቀደም ብሎ በ1976 ነበር። እንግዲህ አስቡት፤ ይህች አንዲት ፊደል ቫይቫክስን ከአንድ ሰፊ የአህጉራችን ክፍል ልታጠፋው ተቃርባለች።

ኢትዮጵያ ግን ከዚህ ትለያለች። በአገራችን ዳፊ ያላቸውም የሌላቸውም ሰዎች አብረው ይኖራሉ፤ በአንድ ቀበሌ፣ አንዳንዴም በአንድ ቤት። ስለዚህም ቫይቫክስ ከሌላው አፍሪካ ይልቅ እኛ ዘንድ በርትቶ ይገኛል፤ ከወባ ሕሙማኖቻችን ከሦስቱ የአንዱ ያህል በሽታ የሚመጣው ከእርሱ ነው። ጉበት ውስጥ ተደብቆ ስለሚቆይም ከወራት በኋላ ተመልሶ ያገረሻል። "ወባዬ ተመላላሽ ናት" የሚሉን ሰዎች ብዙ ጊዜ የሚነግሩን የቫይቫክስን ጠባይ ነው።

ታሪኩ ግን እዚህ ላይ አያበቃም። ከቅርብ ዓመታት ወዲህ በኢትዮጵያ የተደረጉ ጥናቶች ዳፊ በሌላቸው ሰዎችም ደም ውስጥ ቫይቫክስን አግኝተዋል፤ ማዳጋስካር ውስጥም ቀደም ብሎ ታይቷል። ተሕዋሲውም የራሱ ዘር አለው፤ እርሱም ይለወጣል። ስለዚህ ማንም ሰው "እኔን ወባ አይደፍረኝም፣ ደሜ ጠንካራ ነው" ብሎ አጎበሩን እንዳይጥል። የአያቶቹ ደም የጠበቀው ከትናንቱ ተሕዋሲ ይሆናል።

እዚህ ላይ ስለ መድኃኒት አንድ ቃል እንጨምር። ቫይቫክስን ከጉበት ለማጥፋት የሚሰጠው ፕሪማኪን ጥሩ መድኃኒት ነው። ሆኖም ጂ ስድስት ፒ ዲ የሚባለው ኢንዛይም በተፈጥሮ የሚያንሳቸው ሰዎች ሲወስዱት ቀይ የደም ሴሎቻቸው ሊፈርሱ ይችላሉ። ይህ ችግር በአገራችን ብዙ ሰው ላይ አይታይም፤ ሲኖር ግን ወንዶችን ይበልጥ ያጠቃል፤ ዘረ መሉ ያለው ወንድ አንድ ቅጂ ብቻ በሚይዝበት ኤክስ ክሮሞሶም ላይ ነውና። ፕሪማኪን ጀምራችሁ ሽንታችሁ እንደ ቡና ከጠቆረ፣ ወይም ዓይናችሁ ቢጫ ከሆነ፣ መድኃኒቱን አቁማችሁ በዚያው ዕለት ወደ ጤና ጣቢያ ተመለሱ። ነፍሰ ጡር እናቶች ደግሞ ይህን መድኃኒት አይወስዱም።

(አጭር ሙዚቃ)

አሁን ከወባ ወደ ሳንባ ምች የሚያሻግረንን ታሪክ እንንገራችሁ። ማጭድ መሰል የደም ሴል ስለሚባለው በሽታ ሰምታችሁ ይሆናል። በኢትዮጵያ ደጋማ ክፍል እምብዛም አይገኝም፤ በብዙ የአፍሪካ ቆላዎች ግን የታወቀ ነው። በዚህም መነሻው የአንዲት ፊደል ለውጥ ነው። እ.ኤ.አ. በ1954 አንቶኒ አሊሰን የተባለ ሐኪም በምሥራቅ አፍሪካ ባደረገው ጥናት አንድ የሚያስገርም ነገር አሳየ፤ ለውጡን ከአንድ ወላጅ ብቻ የወረሰ ልጅ ከከባድ ወባ የተጠበቀ ነው። ከዚያ ወዲህ የመጡ ጥናቶች ጥበቃው ከ10 ልጆች 9 ያህሉን እንደሚሸፍን አመልክተዋል። ለውጡን ከሁለቱም ወላጆች የወረሰ ልጅ ግን ይታመማል። የደም ሴሎቹ እንደ ማጭድ ይቆለመማሉ፣ ጣፊያውም ገና በልጅነቱ ይጎዳል። ጣፊያ ደግሞ ደምን ከባክቴሪያ የሚያጠራ አካል ነው።

የሚከተለው በኬንያ ኪሊፊ ሆስፒታል ታየ። እ.ኤ.አ. በ2009 የወጣው ጥናት እንደሚለው ይህ ሕመም ያለባቸው ልጆች ኒሞኮከስ በተባለው ባክቴሪያ ደማቸው የመመረዝ ዕድላቸው ከሌሎች ልጆች በ33 እጥፍ ይበልጣል። ኒሞኮከስ የሳንባ ምች ዋነኛ አምጪ ነው። በአንድ በኩል ሕይወት የሚያድን ለውጥ በሌላ በኩል ሕይወት ያጠፋል። ታዲያ እነዚህ ልጆች ተስፋ የላቸውም? አላቸው። እ.ኤ.አ. በ1986 አሜሪካ ውስጥ በተደረገ ሙከራ ለእነዚህ ልጆች በየቀኑ ፔኒሲሊን ሲሰጣቸው ኢንፌክሽኑ በ84 በመቶ ቀነሰ። ዘራቸውን ማንም አልነካውም፤ የተደረገላቸው ርካሽና የቆየ መድኃኒት በወቅቱ ማግኘት ብቻ ነው።

ከዚያው ከኪሊፊ ሌላ ትምህርት መጣ። እ.ኤ.አ. በ2011 የወጣ ጥናት በአካባቢው ወባ ሲቀንስ በልጆች ላይ ይታይ የነበረው የደም መመረዝም አብሮ እንደቀነሰ አሳየ። ወባ የልጁን አቅም አዳክሞ ለባክቴሪያዎቹ መንገድ ይከፍትላቸው ነበር ማለት ነው። የበለጠ የሚደንቀው ደግሞ ይህ ነው፦ ወባው እየጠፋ ሲሄድ ከአንድ ወላጅ የተወረሰው ለውጥ ይሰጥ የነበረው ጥቅም እየሳሳ መጣ። ዘሩ ያው ነው፤ የተለወጠው አካባቢው ነው። አካባቢው ሲለወጥ የዘሩ ዋጋ ተለወጠ። አጎበር የሚዘረጋ ሰው በአንድ ሥራ ሁለት በሽታ ይመልሳል።

(አጭር ሙዚቃ)

ወደ ሳንባ ምች ራሱ እንግባ። በዓለም ጤና ድርጅት መረጃ መሠረት እ.ኤ.አ. በ2019 ብቻ ከ740 ሺህ በላይ ዕድሜያቸው ከአምስት ዓመት በታች የሆኑ ሕፃናት በዚህ በሽታ ሞተዋል። ይህን ያህል ሞት ያደረሰው አንድ ክፉ ዘረ መል አይደለም። ሆኖም በጥቂት ልጆች ላይ ዘረ መል ዋናውን ድርሻ ይይዛል።

እ.ኤ.አ. በ1952 ኦግደን ብሩተን የተባለ አሜሪካዊ ሐኪም በኒሞኮከስ እየተመላለሰ የሚታመም አንድ የ8 ዓመት ልጅ አከመ። ደሙ ሲመረመር ተሕዋስያንን የሚይዙት ፀረ እንግዳ አካላት ከናካቴው የሉም። ከሌላ ሰው ደም የተወሰደ ፀረ እንግዳ አካል በመርፌ ሲሰጠው በሽታው ተወው። የችግሩ ምንጭ የሆነው ዘረ መል በ1993 ታወቀ፤ ይህም በኤክስ ክሮሞሶም ላይ ስለሆነ የሚታመሙት ወንዶች ልጆች ናቸው፤ እናት ሳትታመም ታስተላልፋለች። እ.ኤ.አ. በ2003 እና በ2008 ደግሞ ሌሎች ሁለት ዘረ መሎች ተገለጡ። የእነዚህ ሥራ ባክቴሪያ መግባቱን ለሰውነት ማስታወቅ ነው። ጉድለት ያለባቸው ልጆች በጨቅላነታቸው በኒሞኮከስ ክፉኛ ይጠቃሉ፤ ያን ዕድሜ ከተሻገሩ ግን እየጠነከሩ ይሄዳሉ። እንዲህ ያለው ጉድለት የሚከሠተው የተበላሸው ቅጂ ከሁለቱም ወላጆች ሲመጣ ነውና የቅርብ ዘመዳሞች በሚጋቡበት ቤት ዕድሉ ይጨምራል።

እነዚህ ብርቅ ናቸው። በብዙኃኑ ላይ የሚሠሩት ልዩነቶች ኃይላቸው አነስ ያለ ነው። እ.ኤ.አ. በ2016 በኬንያ ሕፃናት ላይ የተደረገ ሰፊ የዘረ መል ፍተሻ በኒሞኮከስ የመመረዝን ዕድል እጥፍ የሚያደርግ አንድ ልዩነት አግኝቷል። እጥፍ ሲባል ሊያስደነግጥ ይችላል። ነገር ግን ልዩነቱ ካለባቸው ልጆችም አብዛኞቹ በዚህ በሽታ አይያዙም፤ ከሌለባቸውም መካከል የሚያዙ አሉ።

ኮቪድ 19ም የሳንባ ምች ያመጣልና እርሱንም እንጥቀስ። እ.ኤ.አ. በ2020 ተመራማሪዎች ከጥንቱ የኒያንደርታል ሰው የተወረሰ አንድ የዲ ኤን ኤ ክፍል በሽታውን እንደሚያከብድ ደረሱበት። ይህ ክፍል ከደቡብ እስያ ሕዝብ በግማሽ ያህሉ ላይ ይገኛል፤ በአፍሪካ ግን ከሞላ ጎደል የለም። ቢሆንም አፍሪካ ከኮቪድ አላመለጠችም። አንዱን አደጋ አለመውረስ ከበሽታው ነጻ መሆን ማለት አይደለም።

ከኢትዮጵያም አንድ ምሳሌ እናንሣ። በደማችን ውስጥ ተሕዋስያን ላይ ተጣብቆ ለመከላከያ ሴሎች የሚያሳያቸው ኤም ቢ ኤል የሚባል ፕሮቲን አለ። መጠኑን የሚወስነው ዘረ መል ነው። እ.ኤ.አ. በ2002 በብሪታንያ የወጣ ጥናት ይህ ፕሮቲን በውርስ የጎደላቸው ሰዎች በኒሞኮከስ ይበልጥ እንደሚጠቁ አሳየ። እንግዲያውስ ብዙ ያለው ሰው ይሻላል? በ1994 በታተመ አንድ ትንሽ ጥናት የሥጋ ደዌ የያዛቸው ኢትዮጵያውያን ጤነኛ ከሆኑ ኢትዮጵያውያን ደም ለጋሾች የበለጠ ኤም ቢ ኤል ተገኘባቸው። የሥጋ ደዌ ባክቴሪያ የሚኖረው በመከላከያ ሴሎች ውስጥ ነውና ወደ ውስጥ መወሰዱ ሳይጠቅመው አልቀረም። ስለዚህ በደፈናው ጥሩ ዘር፣ መጥፎ ዘር የሚባል ነገር የለም። ለአንዱ በሽታ ጋሻ የሆነው ለሌላው መጋለጫ ሊሆን ይችላል።

(አጭር ሙዚቃ)

ይህን የምንለው ለእውቀት ብቻ አይደለም። በአገራችን "በዘራቸው በሽታ አለ" የሚለው ቃል ጋብቻ አፍርሷል፣ ልጃገረድ ከቤት አስቀርቷል፣ ሕመምተኛ አስደብቋል። ዝሆኔን ተመልከቱ። በወላይታና በሌሎች የደጋ አካባቢዎች ባዶ እግሩን ቀይ አፈር ላይ የሚሠራ ገበሬ እግሩ ያብጣል። ይህ ዓይነቱ ዝሆኔ ኢንፌክሽን አይደለም፤ ከሰው ወደ ሰው አይተላለፍም። ግን በቤተሰብ ይደጋገማልና እንደ እርግማን ይታይ ነበር። ኢትዮጵያዊው ተመራማሪ ፋሲል ተኮላ አየለና ባልደረቦቹ እ.ኤ.አ. በ2012 ባሳተሙት ጥናት አንዳንድ ሰዎች በመከላከያ ዘረ መሎቻቸው ልዩነት ምክንያት ለዚያ አፈር ይበልጥ ስሱ መሆናቸውን አሳዩ። ስለዚህ ዘር አለበት። መከላከያው ግን ምንድን ነው? ጫማ ነው። ጫማ የተጫማና እግሩን በየቀኑ በሳሙና የሚታጠብ ልጅ የአባቱን ዘር ይዞ የአባቱ ሕመም ሳይደርስበት ሊያድግ ይችላል።

የሳንባ ምችም እንዲሁ ነው። የልጃችሁን ዘር አትመርጡም። የምትመርጡት ሌላ ብዙ ነገር አለ።

መጀመሪያ ክትባት። የኒሞኮከስ ክትባት በኢትዮጵያ መሰጠት የጀመረው በ2004 ዓ.ም. ነው። ሕፃኑ በተወለደ በ6ኛው፣ በ10ኛውና በ14ኛው ሳምንት ይሰጣል። ሌላውን የሳንባ ምች ባክቴሪያ የሚከላከለው ደግሞ በአምስቱ በሽታዎች ክትባት ውስጥ አለ። የኩፍኝ ክትባት በ9ኛውና በ15ኛው ወር አይዘለል፤ ኩፍኝ ሲለቅ ሳንባ ምች ብዙ ጊዜ ተከትሎት ይመጣል። ክትባት ለሰውነት ጠላቱን አስቀድሞ ያሳየዋል፤ በውርስ የመጣ ድካምንም በብዙ ሰው ላይ ይክሳል።

ሁለተኛ የእናት ጡት። እስከ 6 ወር ሌላ ምንም ሳይጨመር፣ ውኃም ቢሆን። በጡት ወተት ውስጥ የእናትየው ፀረ እንግዳ አካላት አሉበት።

ሦስተኛ ጭስ። የማሽላ አገዳ፣ ኩበትና እርጥብ እንጨት በተዘጋ ጎጆ ሲነዱ የሕፃኑን ሳንባ ያቆስላሉ። ልጅ አዝሎ እንጀራ መጋገር ይቅር። የሚቻል ከሆነ ማድ ቤቱ ለብቻው ይሠራ፤ ካልተቻለ መስኮት ይከፈትለት፤ እሳቱ እስኪበርድ ልጁን ሌላ ሰው ይያዘው። አባቶች፣ ይህ የእናንተም ሥራ ነው።

አራተኛ የቤተሰብን ታሪክ ማወቅ። አንድ ልጅ በዓመት ውስጥ ደጋግሞ ሳንባ ምች ከያዘው፣ ወይም ከእናትየው ወገን ወንዶች ሕፃናት በተደጋጋሚ በኢንፌክሽን ከሞቱ፣ ለሐኪሙ ሳትሸሽጉ ንገሩት። ሐኪሙ ወደ ወልድያ ሆስፒታል ወይም ከዚያ ወደሚበልጥ ሆስፒታል ሊልከው ይችላል። ይህን መናገር ነውር የለበትም፤ ለሐኪሙ የምርመራ መነሻ ይሆነዋል።

አምስተኛ፣ ከሁሉም የሚበልጠው፣ ቶሎ መድረስ። የሚስል ወይም ትንፋሽ ያስቸገረው ልጅ ሲኖራችሁ ተረጋግቶ ሳለ፣ ሳያለቅስና ሳይጠባ፣ ልብሱን ገልጣችሁ ደረቱ ከፍ ዝቅ ሲል ለአንድ ደቂቃ ሙሉ ቁጠሩ። ሰዓት ከሌለ የተንቀሳቃሽ ስልክ ሰዓት ይበቃል። ዕድሜው ከ2 ወር በታች ከሆነ 60 እና ከዚያ በላይ፣ ከ2 ወር እስከ 11 ወር ከሆነ 50 እና ከዚያ በላይ፣ ከ1 ዓመት እስከ 5 ዓመት ከሆነ 40 እና ከዚያ በላይ ከተነፈሰ ትንፋሹ ፈጥኗል። ወዲያው ወደ ጤና ኬላ ውሰዱት። የጤና ኤክስቴንሽን ባለሙያዋ አሞክሳሲሊን ልትሰጠው ትችላለች። የታዘዘው እስኪያልቅ ስጡት፤ ተሻለው ብላችሁ አታቋርጡ፣ ለሌላ ልጅም አታካፍሉ። ሲተነፍስ የታችኛው ደረቱ ወደ ውስጥ ከገባ፣ መጥባት ወይም መጠጣት ካቃተው፣ ካንቀጠቀጠው፣ ከደነዘዘ ወይም ከንፈሩ ከጠቆረ ሌሊትም ቢሆን እስኪነጋ ሳትጠብቁ ወደ ሆስፒታል ውሰዱት። ከ2 ወር በታች ያለ ሕፃን ከሆነ ደግሞ ትንፋሹ መፍጠኑ ብቻውን የሆስፒታል ጉዳይ ነው።

ውድ አድማጮቻችን፣ ለጥያቄው የምንሰጠው መልስ ይህ ነው። አዎ፣ ከአንድ መሶብ የበሉ ሁለት ልጆች እኩል አይታመሙም፤ ለዚህም ዘር አንድ ምክንያት ነው። ነገር ግን በየዓመቱ በሳንባ ምች ከሚሞቱት ሕፃናት አብዛኞቹ በክትባት፣ በንጹሕ አየርና በጊዜው በተሰጠ መድኃኒት ሊተርፉ የሚችሉ ናቸው። እንግዲህ ዛሬ ማታ ቤታችሁ የሚስል ልጅ ካለ ስለ ዘሩ ከማውራታችሁ በፊት ትንፋሹን ቁጠሩለት፤ ከፈጠነ ተነሡና ጤና ኬላ ውሰዱት። 

(የመዝጊያ ሙዚቃ)